የጎፈሮች ዓመት አለቀ፤ ምስጋና ያለው እዚህ ይጻፍ

የራምፑ_ዘበኛ
ሚያዝያ 1 ቀን 2015

ትናንት ማታ ታምፓ ላይ የሆነውን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያላያችሁ ታድላችኋል። ጎፈሮች የሚባለው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች የበረዶ ሆኪ ቡድን ለብሔራዊ ዋንጫ ደርሶ፣ 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ፣ በኩዊኒፒያክ ዩኒቨርሲቲ 3 ለ 2 ተሸነፈ። የመጨረሻዋ ግብ የገባችው ጭማሪው ሰዓት በተጀመረ በ10ኛው ሰከንድ ነው።

እኔ ቤት ስድስት ሆነን ነበር የምናየው። የሆሳዕና ዋዜማ ስለሆነ ጠረጴዛው ላይ ቆሎና ቅቤ ያልነካው ፈንዲሻ ነው ያለው። ጭማሪው ሊጀመር ሲል ሻይ ልቅዳ ብዬ ኩሽና ገባሁ። ስኳሩን ሳላማስል ሳሎኑ ጭጭ አለ። ልጄ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና «አባ፣ አለቀ» አለኝ። ምኑ ነው የሚያልቀው፣ አሁን አይደል እንዴ የጀመረው? ብዬ ስወጣ የኩዊኒፒያክ ልጆች ጓንታቸውን በረዶው ላይ በትነው ተቃቅፈዋል።

ስለዚያች ግብ ሌላው ይጻፍ። እኔ ይህን ቡድን ሳላመሰግን ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ለማታውቁኝ፣ እዚህ አገር የገባሁት በ2013 መጸው ላይ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ ሆኪ በኛ አቆጣጠር አልሆንልህ ብሎኛል)። የመጀመሪያ ሥራዬ ጎፈሮች ከሚጫወቱበት ከማሪዩቺ አሪና ብዙ በማይርቅ የመኪና ማቆሚያ ራምፕ ውስጥ፣ ቁም ሳጥን በምታህል ክፍል ተቀምጦ ገንዘብ መቀበል ነበር። ያ ክረምት፣ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ገዥው በብርዱ ምክንያት የስቴቱን ትምህርት ቤቶች የዘጋበት ነው። ሰው ሁሉ ቤቱ ይከተታል ስል፣ ዓርብና ቅዳሜ ማታ የቡድኑን ጠቆር ያለ ቀይና ወርቃማ ሹራብ ያጠለቀ ሕዝብ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ እንደ ጥምቀት ይተማል። ምን ታቦት ወጥቶ ነው? አልኩ። ሲመለሱ ውጤቱን መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር፤ ያሸነፉ ለት መልሱን ይተዉልኛል፣ የተሸነፉ ለት ሳንቲም ይቆጥራሉ። አሮጌ ፒክአፕ የሚነዱ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ነበሩ፤ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ሥለው ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው የተሰለፈው መኪና ጥሩምባውን ይነፋል፣ እሳቸው ሰማያዊዋን መስመር ያሰምራሉ።

በዚያው ዓመት፣ ፍሮዝን ፎር (የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ውድድር) ግማሽ ፍጻሜ ላይ፣ ሰሜን ዳኮታን 2 ለ 1 የጣልነው 0.6 ሰከንድ ሲቀር ነው። ያገባው ጀስቲን ሆል የሚባል ተከላካይ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ግብ ያላገባ ሰው! ከሁለት ቀን በኋላ ዋንጫውን ለዩኒየን ኮሌጅ 7 ለ 4 አስረከብን። እንግዲህ ይህ ቡድን ሰከንድ ሲሰጠኝም ሲነሳኝም ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

የዘንድሮውን የሚስተካከል ግን አላየሁም። ሎጋን ኩሊ በመሐል፣ ማቲው ናይስ በግራ፣ ጂሚ ስናገሩድ በቀኝ። ኩሊ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነው። በ39 ጨዋታ 60 ነጥብ፦ 22 አግብቶ 38 አቀብሎ። ሐሙስ ዕለት ቦስተን ዩኒቨርሲቲን 6 ለ 2 ስንሸኝ ሁለቱ የሱ ናቸው። ናይስ አሪዞና በረሃ ውስጥ ያደገ የስደተኛ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ከስሎቫኪያ የመጡ ናቸው። ልጄ ይህን ካወቀ ወዲህ ሌላ ተጫዋች አይታየውም። የስናገሩድ አባት ደግሞ ራሱ የድሮ ጎፈር ነው። ሦስቱ አብረው ሲወጡ ፓኩ (በኳስ ፋንታ የሚመቱት ክብ ጎማ) በክር የታሰረ ይመስላል። አንዱ ሳያይ ይልካል፣ ሌላው ቀድሞ እዚያ ነው።

ከሁሉም በላይ ልቤን የበላው ግን በረኛው ጀስተን ክሎስ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል አግዳሚ ወንበር ያሞቀ ልጅ። በጃንዋሪ 2022 ዋናው በረኛ ጃክ ላፎንቴን ውድድሩ መሐል ላይ ለፕሮፌሽናሉ ቡድን ለካሮላይና ፈርሞ ሄደ። «በቃ አለቀልን» ያልን ብዙ ነን፤ እኔም ብያለሁ፣ አልክድም። ክሎስ ገባ፣ በዚያው ዓመት ፍሮዝን ፎር አደረሰን፣ ዘንድሮ ደግሞ ፍጻሜ። ያቺ የ10 ሰከንድ ግብ ስትገባበት መሬት ላይ የተዘረረውን ልጅ ካሜራው ደጋግሞ ሲያሳየው ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት። እዳ የለበትም።

29 አሸንፎ 10 ተሸንፎ አንድ አቻ የወጣ ቡድን ነው። እግዜር ይስጣችሁ ብያለሁ። እናንተስ?


ቆጣሪው
ሚያዝያ 1 ቀን 2015

ምስጋናው ይሁን፣ እጋራለሁ። ግን ወንድሜ፣ ያየነውን እንዳላየን አንሁን። ወደ ግብ የተመታው 30 ለ 15 ነው፣ 30ው የእነሱ። ሚትልስታትና ጃክሰን ኔልሰን አግብተው 2 ለ 0 ከሆነ በኋላ ቡድናችን ተቀመጠ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ፓኩን ከራሳችን ሜዳ አውጥቶ መወርወር ብቻ ሆነ ሥራው። እነሱ ደግሞ በረኛቸውን አስወጥተው ስድስተኛ አጥቂ ጨመሩ፣ 2 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ሲቀር ኮሊን ግራፍ አቻ አደረገ። ያን ያህል ተሰጥኦ ይዞ መከላከል ምን ይባላል? ኩሊን የመሰለ ልጅ ይዘህ ትጠብቃለህ?


የራምፑ_ዘበኛ

ቁጥሩ ልክ ነው፣ አልከራከርህም። ግን «ተቀመጠ» ያልከውን ግማሹን ለኩዊኒፒያክ ስጣቸው። ዓመቱን ሙሉ ሰውን እንዲያ አፍነው ነው የመጡት፤ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሚሺጋንን 5 ለ 2 አባርረዋል፣ ያውም ከኩሊና ከናይስ ፊት የሆቢ ቤከርን፣ የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋችን፣ ሽልማት የወሰደው ፋንቲሊ ያለበትን። አሰልጣኛቸው ፔክኖልድ በ2013 እና በ2016 ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም የተሸነፈ ሰው ነው። የተቃጠለ ሰው ተንኮል አያጣም። ያቺ የ10 ሰከንድ ግብ እንኳ የአጋጣሚ አይደለችም፤ ዳኛው ፓኩን ሲጥል ማን የት እንደሚሮጥ አስቀድሞ የተጠና ነው። ያገባው ኩዊላን ሲሾልክ የኛዎቹ ገና እግራቸውን እያስተካከሉ ነበር።


ቆጣሪው

ይህን እቀበላለሁ። ግን ለአሰልጣኛችን ለሞትስኮ ይቅርታ ለማድረግ አንድ ሳምንት ስጡኝ።


ሩር_መቺ
ሚያዝያ 1 ቀን 2015

ልጄ ዘበኛው፣ እጅህ ይባረክ። እኔ ሴንት ፖል ከገባሁ 30 ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ታክሲ ስነዳ ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ስለ 0.6 ሰከንድ ስትጽፍ 2002 መጣብኝ። የዚያ ዓመት ፍጻሜ እዚሁ ሴንት ፖል፣ ኤክሴል ኢነርጂ ሴንተር ነበር፣ ከሜይን ጋር። እኔ ደጅ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ተሳፋሪ እየጠበቅኩ በሬዲዮ እሰማለሁ። ሜይን 3 ለ 2 ይመራል፣ አንድ ደቂቃ እንኳ አልቀረም። ኮዋልስካ የሚባለው አገባ። ከዚያ ጭማሪ ላይ ግራንት ፖተልኒ ጨረሰው። ጩኸቱ ከሬዲዮኑ ቀድሞ ከሕንጻው ነው የደረሰኝ። ከ1979 ጀምሮ 23 ዓመት የተጠበቀ ዋንጫ ነበር። ያን ሌሊት እስከ ንጋት ስሠራ በሒሳብ የተከራከረኝ ሰው የለም፤ አንዱ ጎረምሳማ ጃኬቱን ረስቶልኝ ወረደ፣ በዚያ ብርድ።

ሆኪን ለምን እንደወደድኩት ልንገራችሁ። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ለገና በዓል ጫፉ የቆለመመ እንጨት ከጫካ መርጠን ቆርጠን፣ ከእንጨት የተጠረበች ሩር ይዘን፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተከፍለን ከጠዋት እስከ ማታ ነው። ቅልጥም የሚሰበርበት ጨዋታ ነው እንጂ የልጆች አይምሰላችሁ። እዚህ መጥቼ መጀመሪያ ሆኪ በቴሌቪዥን ያየሁ ቀን ሚስቴን ጠርቼ «ነይ እይ፣ ፈረንጅ ገናን በረዶ ላይ አወጣው!» አልኳት። እሷም ቆማ አየችና «ይሄ ደግሞ ጥርስ አስቀርቶ አያውቅም እንዴ?» አለች።

እና ቆጣሪው፣ አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉት ላንተ ነው። ጌታም ቢሆን ሩሩ ከደረሰበት ደረሰበት ነው። አሰልጣኙን ማረው።


ቆጣሪው

ጋሽ ሩር፣ እርስዎ ካሉ ሳምንቱን ወደ ሦስት ቀን ዝቅ አድርጌዋለሁ።


የዴንቨሩ_ሐበሻ

ከኮሎራዶ ሰላም ብያለሁ 😁 ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት። እኛ የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ደጋፊዎች ባለፈው ዓመት 9ኛ ዋንጫችንን ስናነሣ እናንተ አምስት ላይ ቆማችሁ ነበር፣ አሁንም አምስት ላይ ናችሁ። የ2003ቱን ዋንጫ አቧራ የሚጠርግ ሰው ቀጥራችኋል?


የራምፑ_ዘበኛ

ወንድሜ፣ ዘንድሮ የዋንጫው ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ በኮርኔል 2 ለ 0 ተሸንፎ ቤቱ የገባው ማን ነበር? ስሙ ጠፋብኝ።


የዴንቨሩ_ሐበሻ

እሺ። ቡናውን ስጡኝና ዝም ልበል።


ባለ_ኳስ
ሚያዝያ 1 ቀን 2015

ይቅርታ፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት፣ ከእግር ኳስ ሌላ አላውቅም፤ ክሩ ግን ደስ ስላለኝ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ኤን ኤች ኤል (የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ) ላይ እስከ ሰባት ጨዋታ ነው የሚፋለሙት ሲባል እሰማለሁ። እዚህ ለምን በአንድ ጨዋታ፣ ያውም በ10 ሰከንድ ያልቃል? ሁለተኛ፣ ጎፈር ምንድን ነው?


የሪደር_እናት

ባለ ኳስ፣ የመጀመሪያውን ልመልስልህ። ኮሌጅ ላይ ከ60 የሚበልጡ ቡድኖች በአንደኛ ዲቪዚዮን ይጫወታሉ፣ 16ቱ ብቻ ለመጨረሻው ውድድር ይመረጣሉ። ከዚያ በኋላ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው፣ መልስ ጨዋታ የለም። አራት ጊዜ ያሸነፈ ዋንጫ ያነሣል። እኛ ፋርጎ ላይ ካኒሺየስን 9 ለ 2፣ ሴንት ክላውድ ስቴትን 4 ለ 1፣ ከዚያ ታምፓ ላይ ቦስተንን 6 ለ 2 አልን። አራተኛዋ ናት የቀረችው። ጭማሪው ላይ ደግሞ መጀመሪያ ያገባ ጨረሰ፤ ሰዓቱ 20 ደቂቃ ቢሆንም ማንም አይጠብቅህም።

አሁን ወደኔ ጉዳይ። ሁላችሁም «ጎፈሮች» ስትሉ ወንዶቹን ብቻ ነው? እኔ ልጄን ለስኬቲንግ የማመላልስ እናት ነኝ፤ እኛ ቤት ጎፈር ማለት ከማሪዩቺ ጎን ሪደር አሪና የሚጫወቱት ሴቶቹ ናቸው። ለሴቶች ኮሌጅ ሆኪ ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው አሪና ነው፣ 2002 የተከፈተ። በ2012 እና 13 ውድድር 41 ተጫውተው 41 አሸነፉ። አንድ እንኳ አልተሸነፉም፣ አቻም አልወጡም። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛው ስፖርት አይታችኋል?

ዘንድሮስ? ልክ ከሦስት ሳምንት በፊት ዱሉዝ ላይ ግማሽ ፍጻሜ፣ ከዊስኮንሲን ጋር፣ ጭማሪ ሰዓት ላይ፣ 3 ለ 2 ተሸነፉ። ወንዶቹም ጭማሪ ላይ 3 ለ 2። ልጄ ያኔ መኪና ውስጥ እስከ ቤት ድረስ አለቀሰች፣ ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ትናንት ማታ ግን አላለቀሰችም፤ «እማ፣ እኔ ይህን ፊልም አይቼዋለሁ» ብላ ተነሥታ ተኛች።


የራምፑ_ዘበኛ

እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ርእሱ ለሁለቱም ቡድን ይሁን። ለልጅሽም ሰላምታ አድርሺልኝ፣ ከኔ የተሻለ ልብ አላት።

ባለ ኳስ፣ ጎፈር መሬት ቆፍሮ የሚኖር፣ ሽኮኮ የሚመስል ትንሽ እንስሳ ነው። እኔ በጊዜው ሌላ ስም ስላጣሁለት ለእናቴ በስልክ «ፍልፈል በሏት» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ በደወልኩ ቁጥር «ፍልፈሎቹ እንዴት ናቸው?» ይሉኛል። ጎረቤት ሰምቶ ልጃቸው አሜሪካ ከብት አርቢ ሆነ ወይስ ገበሬ እያለ ይጠይቃል አሉ።


ባለ_ኳስ

ፍልፈል የሚደግፍ አገር ሰው 😂 እሺ በኦክቶበር ቀስቅሱኝ፣ አንድ ጨዋታ አያለሁ።


የዳንፎርዝ_ልጅ
ሚያዝያ 3 ቀን 2015

ከቶሮንቶ ነኝ። ናይስን ስለላካችሁልን እግዜር ይስጥልን። እሑድ ፈረመ፣ ትናንት ማታ የቡድናችንን የሊፍስን ሰማያዊ ለብሶ ፍሎሪዳ ላይ ገባ። ቅዳሜ ሲያለቅስ ያየነው ልጅ ሰኞ ኤን ኤች ኤል ውስጥ ነው፤ አርባ ቀኑ እንኳ ሳይወጣ። ደግሞም ያ በ0.6 ሰከንድ ያገባላችሁ ጀስቲን ሆል እዚሁ እኛ ጋ ነው፣ አሁን አንድ መልበሻ ክፍል ውስጥ ናቸው። ይህን ክር ሳነብ ነው የገባኝ።

እኛ ከ1967 ጀምሮ ዋንጫ አላየንም። ስለዚህ ስለ 20 ዓመት ብታለቅሱ አልሰማችሁም።


ሩር_መቺ

የዳንፎርዙ፣ አደራ ልጁን። የኛ አምበል ፌበር ግን ከቤት አልወጣም፤ እዚሁ ሜፕል ግሮቭ ያደገ ልጅ ለኤን ኤች ኤል ቡድናችን ለዋይልድ ፈርሞ ትናንት ማታ ቺካጎ ላይ ተሰለፈ። አሁን ከኔ ቤት በአውቶቡስ የምደርስበት ነው የሚጫወተው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። የድሮዎቹ እንዲህ አልነበሩም። አሰልጣኙ ሄርብ ብሩክስ በ1974፣ 76 እና 79 ዋንጫ ሲያነሣ ልጆቹ አራት ዓመት አብረው የቆዩ ናቸው ይባላል። ለዚህ ነው በ1980 ሶቪየቶችን ያሸነፈውን የአሜሪካ የኦሊምፒክ ቡድን ሲሠራ ከ20ው 12ቱን ከሚኒሶታ የወሰደው፤ ያውቃቸዋል። አሁን ልጁ ገና ስሙን ስትለምደው ሻንጣው በር ላይ ነው።


የራምፑ_ዘበኛ

ጋሽ ሩር፣ እኔም ድሮ እንደዚያ አስብ ነበር። ራምፑ ውስጥ ሳለሁ አብረውኝ የሚሠሩት ተማሪዎች ነበሩ። ሴፕቴምበር ይመጣሉ፣ ስም እንለምዳለን፣ ምሳ እንካፈላለን፣ ሜይ ላይ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሊያነሡኝ ይመጣሉ፣ ከዚያ የሉም። መጀመሪያ ላይ ከፋኝ። ኋላ ለመድኩት። ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የሚሠራ ሰው ሰው መሸኘት ሥራው ነው። ኩሊ፣ ናይስና ስናገሩድ አብረው የተጫወቱት አንድ ክረምት ብቻ ነው። ያንን አንድ ክረምት እኔ ስድስቴ አሪና ገብቼ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ያውም አንዱን በማርች፣ ሚሺጋን 4 ለ 3 አሸንፎን የሊጋችንን የቢግ ቴንን ዋንጫ እፊታችን ሲያነሣ። እሱንም ቢሆን አልሸጠውም።


የሪደር_እናት

ኩሊ ግን ይመለሳል ይባላል። አይደለም?


ቆጣሪው

ይመለሳል። ከተመለሰ ሞትስኮን ዛሬውኑ ምሬዋለሁ።


ቆጣሪው
ሐምሌ 21 ቀን 2015

ክሩን ከተኛበት ስለቀሰቀስኩ ይቅርታ። ኩሊ ትናንት ለኤን ኤች ኤሉ አሪዞና ፈረመ። እመለሳለሁ ብሎ ነበር እኮ! ናይስ ካደገበት በረሃ ሄዶ ሆኪ ሊጫወት። ሞትስኮን የማርኩትን መልሼ ወስጃለሁ።


የዴንቨሩ_ሐበሻ

ነፍስ ይማር።


የራምፑ_ዘበኛ

ስናገሩድ አለ። ክሎስም አለ፣ አንድ ዓመት ይቀረዋል። እኔ እነሱን ይዤ እገባለሁ።

ጋሽ ሩር፣ አንድ ጥያቄ። 30 ዓመት ሙሉ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ነው ወይስ ማሪዩቺ ገብተው ያውቃሉ?


ሩር_መቺ

ደጁ ድረስ ሰው ሳደርስ ነው የኖርኩት። ገብቼ አላውቅም።


የራምፑ_ዘበኛ

እንግዲያው ኦክቶበር ላይ የመጀመሪያው የቤት ጨዋታ ሁለት ቲኬት ይዣለሁ፣ አንዱ የእርስዎ ነው። ከቤትዎ መጥቼ እወስድዎታለሁ። መኪና የምናቆምበትን እኔ አውቃለሁ።


ሩር_መቺ

እግዜር ያክብርህ። የገና ዱላዬን ይዤ ብመጣ ያስገቡኛል?


የራምፑ_ዘበኛ

በር ላይ ይይዙብዎታል። ወፍራም ካልሲ ግን ሁለት ደርበው ያድርጉ፣ ውስጡም ይበርዳል።